ጣሊያንን ያባረረች መኪና በጣሊያንኛ ገጣጠምኳት

ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ቀብቻለሁ። አይሱዙ ቀብቻለሁ፣ ቪትዝ ቀብቻለሁ፣ አንድ ጊዜ የሬሳ መኪናም ገጥሞኛል። ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም መኪና ግን ቀብቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ቀባሁ። አራት ወር ፈጀችብኝ። በአራት ወር ስንት የተጨረማመተ ታክሲ ገብቶ አምሮበት ይወጣል።

ዕቃዋ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ናት። ማርሞን ሄሪንግተን ማርክ 2 የምትባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ለበስ መኪና፣ በ1/35 መጠን። በእውነተኛዋ ላይ 35 ሴንቲሜትር የሆነው እዚህ 1 ሴንቲሜትር ነው። ለምን 35 ሆነ? እኔም ጠይቄ ነበር። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሲሠራ ውስጡ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ እንዲገባለት አድርጎ ለካው። የወጣው ልክ 1/35 ሆነ። ከዚያ ብዙው ተከተለ። ብዙው የዓለም ታንክ ሞዴል ሠሪ እስከ ዛሬ በባትሪ ድንጋይ ልክ ይሠራል ማለት ነው።

የእኔን ሞዴል የሠራውን ኩባንያ ስም ግን እዘለዋለሁ። የምወቅሰው ነገር አለኝ፤ በስም መጣላት ደግሞ አልወድም።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ በ1933 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ስለ መድፍም ስለ ጀግናም አያወራም። የሚያወራው ስለ አንዲት መኪና ነው። «ቆብ የደፋች የብረት ሣጥን» ይላታል። ከኮምቦልቻ በኩል ዳገቱን ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች። ከውስጧ የወጣው ነጭ ወታደር በቆርቆሮ ሻይ አፈላ። ሲጨርስ ግማሹ የቀረ የማርማላታ ጣሳ ለአባቴ ወረወረለት። አባቴ ጣሳውን በጣቱ እየጠረገ ላሰ። ጠርዙ ጣቱን ቆረጠው። ጠባሳውን እስኪሞት ድረስ ያሳየን ነበር፤ የጦር ቁስሌ እያለ።

ወታደሩ እንግሊዝ ነው ሲል ነው የኖረው። ደሴ የገባው ግን የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ነው፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933። በኮምቦልቻው ውጊያ አርበኞቻችንም አብረው ነበሩ። ርእሱን ያየ ሰው መኪናዋ ብቻዋን ያባረረች አስመሰልክ እንዳይለኝ ይህን እዚህ ላይ ልናገር። ደቡብ አፍሪካውያኑ ከኬንያ ተነስተው የካቲት 11 ሜጋን ያዙ፤ ሌላው ጦር በሶማሊያ ዞሮ በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ሲገቡ ከተማው ከጣሊያን እጅ ከወጣ ወር ሊሞላው ነበር። በዚያ ዘመቻ ደቡብ አፍሪካውያኑ የነዱት ብረት ለበስ ይኸው ማርሞን ሄሪንግተን ነው።

የመኪናዋ አፈጣጠር ለእኔ ቢጤ ጋራዥ አዳሪ ልብ ያሞቃል። ጦርነቱ ሲፈነዳ ደቡብ አፍሪካ የነበሯት ብረት ለበሶች ሁለት ያረጁ ክሮስሊዎች ብቻ ነበሩ። ፋብሪካ የለ፣ ጊዜ የለ። እና ምን አደረጉ? የፎርድ የጭነት መኪና ሻንሲና ሞተር ከካናዳ አስመጡ። አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ዕቃ ኢንዲያናፖሊስ ካለው ከማርሞን ሄሪንግተን ገዙ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። መሣሪያውን ከእንግሊዝ አመጡ። የብረቱን ገላ አገራቸው ውስጥ ሠርተው ጫኑበት። በቃ። ሶማሌ ተራ ዕቃ ለቃቅሞ መኪና የሚያቆም መካኒክ ያያችሁ እንደሆነ፣ ይኸው ነው። ከማርክ 2 ብቻ 887 ወጣ።

ሞዴሏን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ኑሮው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ገና ከመግዛቱ ተሳስተናል። ማርክ 2 ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋ ለመካከለኛው ምሥራቅ የተሠራችው ስትሆን ቱሬቷ (አናቷ ላይ ያለው የሚዞር ቆብ) ላይ ቦይስ የሚባል ፀረ ታንክ ጠመንጃና ብሬን መትረየስ አለባት። ሁለተኛዋ «ሞባይል ፊልድ ፎርስ» የምትባለዋ ናት፤ ክብ ቱሬት፣ ሁለት ቪከርስ መትረየስ፣ አንዱ ቱሬቱ ላይ፣ አንዱ በግራ ጎኗ። እኔ የፈለግኋት ሁለተኛዋን ነው፤ የአባቴ «ቆብ» ክብ ነበረችና። የኢንተርኔቱ ሱቅ አንደኛዋን ላከ። ልጁ ሳጥኑን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ጠመንጃውን አየሁና «ይሄ አይደለም፣ መልስ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም መኪና ነው።»

«አንተ ቶዮታ ብታዝ ሱዙኪ ቢያመጡልህ ትቀበላለህ?»

መለሰው። ሱቁ የመመለሻውን ሂሳብ በእሱ ላይ ጣለ፤ ሁለተኛውን ሳጥን ለመላክም ሰባት ሳምንት ወሰደ። በድምሩ 58 ዶላር። በብር ስመታው ለሚስቴ ያልነገርኳት ቁጥር ወጣ። እዚህ ከነገርኳችሁ ደግሞ ታነበዋለች።

ሳጥኑ ሲከፈት ዘጠኝ ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬም አለ። ዕቃዎቹ እንደ ቡና ፍሬ ከፍሬሙ ጋር በጭራ ተያይዘዋል። ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳች የናስ ሉህ፣ ለጥቃቅኑ ዕቃ። በውሃ የሚለቅ ስቲከር። ሃያ ገጽ መመሪያ። ማጣበቂያና ቀለም የለም፤ ለብቻ ነው የሚገዛው። ይህን ሳጥኑ ላይ በጥቃቅን ፊደል ነው የጻፉት።

ማጣበቂያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ኮላ አይደለም። ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሁለቱን ወገን አንድ ያደርገዋል። ብየዳ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በብሩሽ ጫፍ ጠብታ ብቻ። ከበዛ ዕቃው ይቀልጣል። ይህን እያወቅኩ ኋላ ላይ የሠራሁትን ጉድ ትሰማላችሁ።

መጀመሪያ የሚሠራው ሻንሲው ነው። እዚህ ላይ ቆሜ አደነቅሁ። ፎርድ እንደሆነ ሳልነግረው የእኔ ተለማማጅ ልጅ እንኳን አይቶ «የአሮጌ ጭነት ሻንሲ» አለኝ። የባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ) ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል። ዲፈረንሻሉ ላይ የብሎኖቹ ራስ የስኳር ቅንጣት አያክልም፤ ግን ስድስት ማዕዘን ነው። በማጉያ መነጽር አየሁት። ይህን ቅርጽ የቀረጸ ሰው እጁ ይባረክ።

ባሌስትራውን በወረንጦ ይዤ ሳስቀምጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራ ላይ ስሆን ለራሴ የማውራት ልማድ አለኝ። «ባሌስትራ ገባ። አሁን ካምቢዮ። ከዚያ ፓራፋንጎ። ቸርኬው ይቆየን። ማርሚታው መጨረሻ።» ፓራፋንጎ የጎማው ክዳን፣ ማርሚታ የጭስ ማውጫው መሆኑ ነው። ቆም አልኩ። ባሌስትራ የማን ቃል ነው? የጣሊያን። ካምቢዮ? የጣሊያን። ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ኮፈኖ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ስቱኮ፣ ላሜራ። «መኪና» ራሷ! ጣሊያንን ልታባርር የመጣችን መኪና እኔ ቁጭ ብዬ በጣሊያንኛ እገጣጥማታለሁ። የአባቴ ማርማላታ እንኳን ጣሊያንኛ ነው፤ ወታደሩ በዚያ ስም እንዳልጠራው ግልጽ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ሚስቴ ከጓዳ «ምን ነካህ?» አለችኝ። «ጣሊያን ከወጣ 80 ዓመት አለፈው፣ ጋራዡን ግን አልለቀቀም» አልኳት። አልገባትም።

ሞተሩ ወደር የለውም። የፎርድ ቪ8 ነው። የዚያ ዘመን ፎርድ ቫልቮቹ ከብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ቴስታታው እንደ መክደኛ ጠፍጣፋ ነው፤ ሞዴሉም ጠፍጣፋ አድርጎታል። የውሃ ፓምፑ ሁለት ነው፣ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ፤ ሁለቱም አሉ። ከሁለቱ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ቱቦ ሳይቀር ሰጥተውኛል። ያ ሞተር በሙቀት የታወቀ ነው፤ ውሃ ያፈላል። ከዚያ ሁሉ ብረት ሥር ተቀብሮ የደሴን ዳገት ሲወጣ ምን ያህል እንደፈላ አስቡት። ወታደሩ ሻይ ሊያፈላ የቆመው ለዚህ ይሆን እንዴ ብያለሁ።

መመሪያው ኮፈኖውን አጣብቁ ይላል። አላጣበቅኩም። ይህን ሞተር መክደን ግፍ ነው።

አሁን ወቀሳ። መመሪያው ሰባተኛው ደረጃ ላይ የግራና የቀኙን የባሌስትራ ማሰሪያ ቁጥር አቀያይሮታል። በቁጥሩ ብትሄዱ የፊት አክስሉ ወደ ኋላ ይዞራል። እኔ መካኒክ ባልሆን እንኳን ዓይን አለኝና ያዝኩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን አጣብቆ ይጨርስና «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ያዝናል። ይህ ትልቅ ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ የገላው ላሜራ አይገጥምም። ጎኑና ፊቱ በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። ለእኔ ችግር የለውም፤ ስቱኮ የዕለት እንጀራዬ ነው። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀባሁ፣ ሲደርቅ በ600 ከዚያ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሸሁ። ግን ለዚህ ዋጋ ስቱኮ ለምን ያስፈልጋል?

ሦስተኛው ወቀሳ የላሜራ ሠራተኛ ወቀሳ ነው፣ ሌላ ሰው ላያየው ይችላል። እውነተኛዋ መኪና ወፍራም በሚባለው ቦታ የለበሰችው 12 ሚሊ ብረት ነው። የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል፣ መድፍ አይመልስም። 12 ሚሊ ለ35 ሲካፈል የሚሊ ሲሶ ገደማ ይመጣል። የሞዴሉ በር ግን 1 ሚሊ ነው። ወደ እውነተኛው ሲመለስ 3 ሴንቲሜትር ተኩል! በሩን ዘግታችሁ ብታጣብቁት አይታወቅም። ከፍታችሁ ካቆማችሁት ግን የባንክ ካዝና ይመስላል። ጠርዙን ከውስጥ በምላጭ አሳሳሁት። ሁለት በር፣ ሁለት ምሽት፣ አንድ የተቆረጠ አውራ ጣት። አባቴን አስታወሰኝ።

ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ገላው አልቆ ለቀለም ስለደረሰ አቧራውን ላጽዳ አልኩ። እጄ ለ28 ዓመት የለመደውን አደረገ። ጨርቅ በቲነር ነከረና ጠረገ። አእምሮዬ «ቆይ» ሲል እጄ ጨርሶ ነበር። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ጨርቁን ሳነሳ ክሩ ሁሉ ተለጥፎበት ቀረ። የመኪና ቲነር ይህን ፕላስቲክ ይበላዋል። ጀማሪ ሁሉ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር ነው። እኔ ለጀማሪ የምናገር ሰው ነኝ!

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሲም ካርድ ልቀይር ሄድኩና ሲሙን ፈልቅቀው ካርዱን ጣሉት። አነሳሁት። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚታጠፍ። በግራው ፓራፋንጎ ልክ ቆረጥኩ፣ ብርጭቆ ላይ ጠምዝዤ አቀዘቀዝኩ፣ በሱፐር ግሉ ያዝኩት። የሞዴሉ ማጣበቂያ ሲም ካርድ አይዝም፣ እንዳትደክሙ። አሁን ከግራው ይልቅ የቀኙ ያምራል፤ ምክንያቱም ይሳሳል። የስልኩ ኩባንያ አርማ ግማሹ ከሥር አለ። ገልብጦ ያየ ያገኘዋል።

የሬዲዮውን አንቴና በተመለከተ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የጥርስ መፋቂያ ያህላል። ጣሉት። ከባዶው ፍሬም ጣት የሚያህል ቁረጡ፣ ሻማ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አሙቁ፣ ሊንጠባጠብ ሲል ከሻማው አርቃችሁ በቀስታ ሳቡ። እንደ ፀጉር ይሳባል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ተበጠሱብኝ። ስድስተኛው ቀጥ አለ። ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይህ ነው፤ ጥጥ መፍተል ይመስላል።

የናሱን ሉህ ሚስቴ ባትኖር አልጨርሰውም ነበር። የመብራት መከለያው ወንፊት ከስንዴ ቅንጣት ያንሳል። ሁለቱ ከወረንጦ ተፈናጥረው ጠፉ። አንዱን እሷ ምንጣፍ ስታራግፍ አገኘችው። ሌላው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቀለም። እዚህ ጋ ኩራቴ ተነካ። ከኮምፕሬሰሬ ጋር ያለችውን ትንሿን ስፕሬይ ገጠምኩ፣ ግፊቱን ቀነስኩ፣ በአንድ የማይረባ ፕላስቲክ ላይ ሞከርኩ። ጎርፍ ሆነ። የብሎኖቹ ራስ ሁሉ ቀለም ውስጥ ሰጠመ። ለዚህ ሥራ የእስክሪብቶ ያህል የሆነ ኤርብራሽ ነው የሚያስፈልገው። የለኝም። ስለዚህ በሠዓሊዎች አክሬሊክና በብሩሽ ቀባሁ። በውሃ አቅጥኜ፣ አራት እጅ፣ በየመሃሉ አንድ ሌሊት። መመሪያው አረንጓዴ ይላል፤ አረንጓዴ ሆነች። ስቲከሩ ከመለጠፉ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አልብሱት። የማያብረቀርቅ ቀለም ላይ ከለጠፋችሁት ሥሩ አየር ይዞ ብር ብር ይላል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከመኪና ፖሊሽ አውቀዋለሁ። ስቲከሩ ራሱ ቀጭንና ጥሩ ነው፤ ሙቅ ውሃ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል።

አቧራውን ከራሷ አገር አመጣሁላት። ደሴ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መውጫው አፈር በፌስታል ላከልኝ። «ለጠበል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሸማ ነፋሁት፣ ከቫርኒሽ ጋር አዋህጄ ጎማውና የፓራፋንጎው ሥር ላይ በቆየ ብሩሽ ነካ ነካ አደረግኩ። ይህን ከሱቅ በትንሽ ብልቃጥ ይሸጡታል አሉ፣ በዶላር። አፈር!

ስለዚህ ግዙ ወይስ አትግዙ? ሞዴል መሥራት ገና የጀመረ ሰው፣ ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ይህችን አይግዛ። ቁርጥራጩ ብዙ ነው፣ መመሪያው ያሳስታል። ለዚያ የታሚያ ትናንሽ መኪኖች ይሻላሉ፤ መመሪያቸው እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንድ ሁለት ሠርቶ እጁ ለተፈታ ሰው ግን ለሻንሲውና ለሞተሩ ብቻ ገንዘቡ አይቆጭም። ስለታም ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽር፣ ሊማ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃችኋል። ቲነሩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ጨርሼ ጋራዡ ቢሮ ውስጥ ከአባቴ ፎቶ ሥር አስቀመጥኳት። ደንበኛው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያያል። አንዱ ዋጋዋን ጠየቀኝ፣ ሌላው ባትሪዋ የት ነው አለኝ። ተለማማጁ ልጅ ትናንት አነሳት። «ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። ገልብጦ ሥሯን አየ። ሲም ካርዱን አየና ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየ።

«ጋሼ።»

«ምን?»

«ማርሚታው የታለ?»

ሳጥኑን ከመደርደሪያ አውርጄ ከፈትኩ። አምስተኛው ፍሬም ላይ፣ ከጭራው ጋር እንደተንጠለጠለ አለ።